የጣና ዳሩ ዋርካ ያልበዋል

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ገባኝ! ሁላችሁም እስክትረዱት ድረስ አላርፍም። ነገሩ ስለ ባሕር ዳር ነው፤ በተለይ ደግሞ በከተማዋ መሐል፣ በጣና ዳርቻ ስላለው መናፈሻ።

መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ባሕር ዳር የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መንገዱ ዳር ፀሐይ አናት ትበሳለች። አስፋልቱ ከታች፣ ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ። ዋርካው ሥር ትገባላችሁ። ወዲያው ትከሻችሁ ይላላል፣ ፊታችሁ ይፈታል፣ ቡና አዝዞ መቀመጥ ያምራችኋል። ፀሐይዋ ያችው ናት፣ ከተማዋም ያችው ናት፣ ሰዓቱም አልተለወጠም። ታዲያ ይህ ቅዝቃዜ ከየት መጣ?

«ጥላ ስለሆነ ነዋ!» ትሉኛላችሁ። «ውሃ አጠገብ ስለሆነ ነዋ!» ይላል ሌላው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ሁለቱም መልሱን አይጨርሱትም። መሐል ላይ የቀረ አንድ ቁልፍ አለ። እሱ ሲገኝ ዛፉም፣ ሐይቁም፣ ሣሩም፣ ደንገሉም በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ደስ የሚለው ደግሞ ቁልፉ ያለው እናቶቻችን ጓዳ ውስጥ መሆኑ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ሥራ በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዘረጋ ባሕር ዳርም ተራዋ ደርሶ ነበር። የሐይቁ ዳርቻ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተነጠፈለት፣ አረንጓዴ ቦታና መቀመጫ ተሠራለት። ሰዉም ማታ ማታ ቤተሰቡን ይዞ ውሃው ዳር መንሸራሸር ያዘ። ሰው ስለ መብራቱና ስለ ንጣፉ ብዙ ያወራል፤ ያምራልና ያውራ። እኔ ግን ዛሬ የማሳያችሁ ከንጣፉ በላይና ከንጣፉ በታች ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን ሥራ ነው። ታዲያ አንድ አንድ እያልን እንሂድ፤ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር።

መጀመሪያ ጥላን እንመርምር። ሁለት ጥላ አስቡ፤ አንዱ የቆርቆሮ፣ ሌላው የዋርካ። ሁለቱም ፀሐይን ይከለክላሉ። ግን ቀትር ላይ የቆርቆሮ ዳስ ሥር የተቀመጠ ሰው ራሱ ላይ የሚወርድ ሌላ ሙቀት ይሰማዋል። ለምን? ቆርቆሮው ፀሐይዋን ጠጥቶ ራሱ ስለጋለ ነው። የጋለ ነገር ደግሞ ሳትነኩትም ያሞቃችኋል። ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው ምጣዱን ሳይነካ ፊቱ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰውነታችን ሙቀት የሚቀበለው ከአየሩ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ካለው ከጋለ ነገር ሁሉ ይቀበላል። አስፋልት ከእግር ሥር ይልካል፣ ግድግዳ ከጎን ይልካል፣ ቆርቆሮ ከላይ ይልካል። በዛፍ ሥርና በመንገዱ መሐል የአየሩ ሙቀት የሚለያየው በጥቂት ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ እኛ የሚሰማን ልዩነት ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው።

አሁን እጃችሁን ሰዳችሁ የዋርካውን ቅጠል ንኩት። ያ ቅጠል ከጠዋት ጀምሮ እንደ ቆርቆሮው በዚያችው ፀሐይ ሲመታ ነው የዋለው። ግን አይፋጅም! እንዴት? የፀሐይዋን ሙቀት ቆርቆሮው ጠጣው፤ ቅጠሉም ጠጣው። ቆርቆሮው ጋለ፤ ቅጠሉ አልጋለም። ሙቀቱ የት ገባ? ሙቀት ዝም ብሎ አይጠፋም፤ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት።

እንግዲህ ነገሩ የተከፈተልኝ እዚህ ላይ ነው። ወደ ጓዳ እንግባ።

እንስራ ታውቃላችሁ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ በሞቃት ቀን፣ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ጥርስ ይነካል። ያንኑ ውሃ በፕላስቲክ ጀሪካን አድርጋችሁ እዚያው ጥግ አስቀምጡት፤ ለብ ብሎ ይቆያችኋል። ውሃው አንድ፣ ጥጉ አንድ። ልዩነቱ ሸክላው ነው። ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል። የእንስራውን ሆድ ብትዳስሱት እርጥብ ነው፤ ያልበዋል። ያ ላብ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ወደ አየሩ ይተናል።

ልብ በሉ! ውሃ እንዲተን ሙቀት ያስፈልገዋል። ያለ ሙቀት ውሃ ተን አይሆንም። ታዲያ የእንስራው ላብ ሙቀቱን ከየት ያመጣል? ከእንስራው፣ ከውስጡ ካለው ውሃ! በተነ ቁጥር ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የቀረው ውሃ ሙቀቱን እየሰጠ ይቀዘቅዛል። እንስራው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ጥቂቱን ውሃ ከነሙቀቱ እየሸኘ ነው። አያችሁ?

ቆይ፣ «ሙቀት ይዞ ይሄዳል» ስል ምን ያህል እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ጣዕሙ አይወጣም። አንድ ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛው ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ምን ያህል እሳት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ያው የፈላው ውሃ ግን ሙሉ በሙሉ ተንኖ ድስቱ እስኪደርቅ ድረስ የሚፈጀው እሳት ከመጀመሪያው 7 እጥፍ ገደማ ነው። ሰባት እጥፍ! ድስት ቶሎ ይፈላል፣ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ይህንን ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሙቀት ውሃውን ከዚያ በላይ አያሞቀውም፤ ወደ ተን ለመለወጥ ብቻ ይውላል። ለመትነን ደግሞ የግድ መፍላት አያስፈልግም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ መቼ ፈልቶ ያውቃል? ይደርቃል ግን። ውሃው በየትኛውም ሙቀት ላይ ሆኖ ሲተን ያን ከባድ የሙቀት ሸክም ይዞ ነው የሚሄደው።

አሁን ከጓዳው ወጥታችሁ ዋርካውን እዩት። ዋርካው እንስራ ነው! ቁልፉ ይኸው። ቅጠሉ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ውሃ ያወጣል፤ ውሃው ሲተን የፀሐይዋን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቆርቆሮው የማያልበው ነገር ስለሆነ የጠጣውን ሙቀት ሁሉ ወደ እኛ ይመልሰዋል። ዛፉ ግን ከጠጣው ሙቀት ብዙውን በተን አሸክሞ ወደ ሰማይ ይሸኘዋል። ቅጠሉ የማይፋጀው ለዚህ ነው። ይህ ሲገባኝ ዛፍ ሁሉ ሌላ ሆኖ ታየኝ፤ በየመንገዱ ዳር ማንም ሳያያቸው የሚያልባቸው ግዙፍ እንስራዎች ቆመዋል!

የቅጠሉን ቀዳዳዎች በባዶ ዓይን አታዩዋቸውም። በብዛት ያሉት ከቅጠሉ ሥር፣ ፀሐይ ከማትመታው ገጽ ላይ ነው። በብዙ ዛፎች ላይ በ1 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት ብቻ ከ100 በላይ ቀዳዳ ይገኛል። ቅጠሉ የሚከፍታቸው ለምግቡ ብሎ ነው። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሥሩ በሚያገኘው ውሃና በፀሐይ ብርሃን ነው። አየር ለማስገባት በሩን ሲከፍት ደግሞ ውሃው በዚያው በር ይወጣል። የሚወጣውም ጥቂት አይምሰላችሁ፤ ዛፍ በሥሩ ከሚጠጣው ውሃ ውስጥ ለራሱ ገላ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው፤ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በቅጠሉ በኩል አየር ላይ ይወጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ አብዛኞቹ ዛፎች በሮቻቸውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ዛፉ በጣም የሚያልበው እኛ በጣም በምንፈልገው ሰዓት፣ በቀትሩ ነው!

ይህን በሚዛን ለመለካት ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቄስ ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ በማሰሮ የተተከለ የሱፍ አበባ ወሰደ። ውሃው ከአፈሩ ላይ እንዳይተን የማሰሮውን አፍ ከደነ። ከዚያ ጠዋትና ማታ ይመዝነው ጀመር። የጎደለው ክብደት በቅጠሉ በኩል የወጣው ውሃ ነው። አንድ የሱፍ አበባ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ሲያወጣ አገኘው፤ ሥራውንም በፈረንጆቹ 1727 አሳተመው። ሚዛን፣ ማሰሮ፣ ትዕግሥት፤ ሌላ ምንም የለም!

አንድ የሱፍ አበባ ይህን ካወጣ፣ ቅርንጫፉ መንገድ የሚሻገር ዋርካ ምን ያህል ያወጣል? ውሃ የማይቸግረው ትልቅ ዛፍ በሞቃት ቀን 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊያተን ይችላል። 100 ሊትር ማለት አምስት ጀሪካን ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። መቶ ሊትር ሲሆን 68 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይወስዳል ብንል፣ ያ ሙቀት ምጣዱን ከ19 ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ያስጋግረዋል። አቤት! አንድ ዛፍ፣ በአንድ ቀን፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ቆጣሪ፣ ይህን ሁሉ ሙቀት ከመናፈሻው ላይ ያነሣል።

አንድ ብልህ ጓደኛችሁ መቼም ይህን መጠየቁ አይቀርም፦ «ውሃው ከሥር እስከዚያ ከፍታ ማን ያወጣዋል? ዛፉ ልብ የለው፣ ፓምፕ የለው!» ድንቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከጥያቄው ይበልጣል። የሚያወጣው ራሱ ላቡ ነው። ውሃ ከውሃ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ድረስ በእንጨቱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ያልተቋረጠ የውሃ ክር ተዘርግቷል። ከቅጠሉ በኩል ጥቂት ሲተን፣ ከኋላው ያለው ተስቦ ቦታውን ይይዛል፤ የዚያም ተከታይ እንዲሁ፤ መሳቡ እስከ ሥር ይደርሳል። የሚስበው ፀሐይ ናት ማለት ነው! ይህን ሐሳብ የደብሊን ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ በፈረንጆቹ 1894 አቀረቡት። ፀሐይዋ በበረታች መጠን መሳቡም ይበረታል። ሙቀቷን የሚያነሣው ማሽን የሚሠራው በራሷ ጉልበት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ግን አንድ ነገር አለ። እንስራ የሚያቀዘቅዘው ውሃ እስካለው ድረስ ነው። ውሃው ካለቀ ሸክላው እንደማንኛውም ሸክላ ይግላል። ዛፍም እንዲሁ። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ እንዳይሞት ብሎ የቅጠሉን በሮች ይዘጋል፤ ላቡ ይቆማል፤ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። አሁን የጣና ዳርቻ ለምን ልዩ እንደሆነ አይገባችሁም? ዳርቻው ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። መጋቢት ላይ የሌላው አገር አፈር ሲሰነጠቅ የሐይቁ ዳር ዋርካ ሥሩ ውሃ አያጣም። በዚያ ላይ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ አየር ላብን ቶሎ ያነሣል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ሲሆን የተሰጣ ልብስ እንደማይደርቅ ሁሉ ቅጠሉም እንደ በጋው አያልበውም። ስለዚህ የሐይቅ ዳር ዛፍ በጣም በሚሞቀውና በጣም በሚደርቀው ወር በጣም ያቀዘቅዛል። የማይጎድል እንስራ ነው!

ዛፉን ጨረስን። አሁን ሐይቁ።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ውሃ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ጥቂት ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በዓመት ውስጥ ከገጹ ላይ የሚተነው ውሃ ጥልቀቱ ቢለካ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን በሐይቁ ስፋት አባዙትና እዩ። የጣናን የውሃ ገቢና ወጪ ያሰሉ ሰዎች ያገኙት ነገር ዝም ያሰኛል፦ በዓባይ በር ወጥቶ ከሚሄደው ይልቅ ወደ ሰማይ ተንኖ የሚሄደው ይበልጣል! እኛ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እናያለን፤ ድልድዩ ላይ ቆመን እናደንቃለን። ከዚያ የሚበልጠው ወንዝ ግን በራሳችን ላይ፣ በአየር ውስጥ፣ ሳይታይ እየፈሰሰ ነው።

ይህ ሐይቅ ነፋስም ይሠራል። እንዴት? ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከተማዋንም ሐይቁንም እኩል ትመታለች። ምድሩ ግን ቶሎ ይግላል፤ ውሃው ቀስ ይላል። አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት አንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ከሚፈጀው 5 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ብርሃኑ ወደ ውሃው ዘልቆ ይገባል፣ ማዕበሉም ሙቀቱን ወደ ታች ያማስለዋል። ከገጹም ላይ ሳያቋርጥ ይተናል። ስለዚህ ቀትር ላይ ከተማዋ ትግላለች፣ ሐይቁ ቀዝቀዝ እንዳለ ይቆያል።

ቀጥሎ ምን ይሆናል? በጋለው ምድር ላይ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይነሣል። የለቀቀውን ቦታ ለመያዝ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው አየር ይመጣል። ያ ነው ከሰዓት በኋላ መናፈሻው ላይ ፊታችሁን የሚዳብሰው ነፋስ! ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተ ደቡብ ስለሆነች ነፋሱ ከሰሜን፣ ከውሃው በኩል ይመጣል።

ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ምድር ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሐይቁ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ይዞ ይቆያል። አሁን የሚነሣው በሐይቁ ላይ ያለው አየር ነው፤ ነፋሱም ከከተማው ወደ ውሃው ይሄዳል። በየቀኑ አንድ ጊዜ መምጣት፣ አንድ ጊዜ መመለስ! ከሩቅ የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ባልበረታበት ቀን ይህን በቀላሉ ታዩታላችሁ። የቡናዋን ጭስ ብቻ ተከተሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ያዘነብላል፤ ጎሕ ሳይቀድ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐይቁ።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ነፋሱ ከውሃው ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያገኘው መናፈሻውን ነው። በዛፎቹ መሐል ሲያልፍ የቅጠሎቹን ተን ያነሣል፤ ላብ ቶሎ የሚደርቀው ነፋስ ሲያገኘው ነውና ዛፎቹ የበለጠ ያልባቸዋል። የእኛንም ቆዳ ነክቶ ላባችንን ያነሣል። ከዚያ ወደ ከተማው ይገባል። ሐይቅ፣ ዛፍ፣ ሰው፤ ሁሉም የሚቀዘቅዙት በአንድ ሕግ ነው፦ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነፋሱ ደግሞ ያግዛቸዋል! ለዚህ ነው በደስታ የምጮኸው።

ቁልፉን ከያዛችሁ በኋላ የታደሰ መናፈሻ ስታዩ ዓይናችሁ ይለወጣል። ሲታደስ ምን መትረፍ እንዳለበት ራሳችሁ መናገር ትችላላችሁ።

ከሁሉ በፊት ትልቁ ዛፍ መትረፍ አለበት። አንድን የቆየ ዋርካ ቆርጦ አሥር ችግኝ መትከል በቁጥር ትርፍ ይመስላል። ግን የሚያልበው ቅጠሉ ነው፤ የአንድ ትልቅ ዋርካ ቅጠል በአሥር ችግኝ ላይ ካለው ቅጠል ጋር አይወዳደርም። ችግኞቹ እዚያ እስኪደርሱ ብዙ ዓመት ይፈጃል። መንገዱ ዋርካውን ዞሮ ቢያልፍ ይሻላል። ዘንባባም ለዓይን ግርማ አለው፤ ለጎዳና ያምራል፤ ቅጠሉ ግን ጫፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥላው ጠባብ ነው። ግርማው በዘንባባ፣ ማረፊያው በዋርካና በሾላ ቢሆን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ሁለተኛው የዛፉ እግር ነው። ንጣፉ እስከ ግንዱ ድረስ ከመጣ ዝናቡ ወደ ሥር አይገባም፤ ሥርም አየር ያጣል። እንስራውን አፉን ደፍነን ውሃ ሙላ እንደማለት ነው። በግንዱ ዙሪያ ሰፊ ክፍት አፈር መተው ውበት አይቀንስም። ንጣፉም ውሃ የሚያሳልፍ ክፍተት ቢኖረው ዝናቡ ወደ ምድር ይገባል። የማያልበው ድንጋይ በበዛ መጠን ቀትሩ ይከብዳል፤ የሚያልበው ሣርና ቅጠል በበዛ መጠን ይቀልላል።

ሦስተኛው ነፋሱ ነው። ክፍት ዳርቻ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለነፋስም ክፍት ነው። በውሃውና በከተማው መሐል ረጅም ግንብ ወይም የተያያዘ ሕንፃ ከቆመ ከኋላ ያለው ሰፈር የሐይቁን ትንፋሽ ያጣል።

አራተኛው ደንገሉ ነው፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ የሚወዛወዘው ደንገል ታንኳ ይሠራበታል፤ ይህን ታውቃላችሁ። ሌላም ሥራ አለው። ከከተማውና ከእርሻው ታጥቦ የሚመጣው ውሃ አፈርና ማዳበሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ደንገሉ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ደለሉ ይሰክናል፤ ማዳበሪያውን ደንገሉ ራሱ ጠጥቶ ያድግበታል። ሐይቁ ጠራ ያለ ውሃ ይቀበላል። ደንገሉ ተነቅሎ ዳርቻው በድንጋይ ብቻ ከታጠረ ያ ማዳበሪያ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በዚያ የሚደሰተው ደግሞ እምቦጭ ነው! በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም የሚወፍረው በእንዲህ ያለ የጠገበ ውሃ ላይ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ የተተወች አንዲት የደንገል መስመር ለእሱ ጠባቂው ናት። ደግሞም ደንገሉ ራሱ ያልበዋል! በማቀዝቀዙ ሥራ እሱም አለበት።

አሁን ወደ እኛው ደብረ ማርቆስ እንመለስ። «እኛ ሐይቅ የለን፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉ። ከተማችን ከባሕር ዳር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየር 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛልና እኛ 4 ዲግሪ ያህል በተፈጥሮ ተሰጥቶናል። ግን ከፍ ባልን መጠን ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ፀሐይዋም ቆዳን የበለጠ ትፈጃለች። ስለዚህ ጥላ ለደጋ ሰውም ያስፈልጋል፤ ምናልባትም የበለጠ።

እንስራችን ግን ማን ነው? እዚህ ላይ ሁለተኛው ደስታ መጣ። እንስራችን አፈራችን ነው! በደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር መሬት ላይ 1,300 ሊትር፣ ማለትም 65 ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። በጠረጴዛ ስፋት መሬት ላይ 65 ጀሪካን! አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። መሬቱ ክፍት ከሆነ ይጠጣዋል፤ በጋ ላይ ዛፉ ከዚያ እየቀዳ ያልበዋል። መሬቱ ከተደፈነ ግን ጎርፍ ሆኖ በቦዩ ይሄዳል፤ መጋቢት ላይ ዛፉ ባዶ እንስራ ይዞ ይቆማል። ባሕር ዳር እንስራዋን ሐይቁ ይሞላላታል። እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ራሳችን መሙላት አለብን።

የዛፉም ምርጫ አለ። በዙሪያችን የሞላው ባሕር ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ ባለውለታችን ነው። ግን ያደገ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን ወደ ታች አንጠልጥሎ ስለሚይዝ ፀሐይዋ በመሐሉ ታልፋለች፤ ጥላው ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃ ደግሞ አጥብቆ ይጠጣል። ለመናፈሻ በከፍታችን የሚስማሙ የአገር ዛፎች አሉን፤ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ቅጠለ ሰፊው ብሳና። ምን ዓይነት ጥላ እንደሚሰጡ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየደብሩ ቅጥር ግቢ ቆመዋል። አባቶቻችን ያቆዩዋቸው እነዚያ ዛፎች ሥር ከቅዳሴ በኋላ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃቸዋል።

እኔን ብቻ እንዳታምኑ፤ ራሳችሁ እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፌስታል ውሰዱ። ፀሐይ በሚመታው ለምለም ቅርንጫፍ ላይ፣ ቅጠሎቹን ከውስጥ አድርጋችሁ፣ አፉን በክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሌላ ፌስታል ደግሞ ቅጠል በሌለው ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ እሰሩ። ሻይ ጠጥታችሁ፣ ተጫውታችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያው ፌስታል ውስጡ ጤዛ ይዞ፣ ጠብታዎች ወደ ጥጉ ሲንከባለሉ ታገኛላችሁ፤ ሁለተኛው ደረቅ ነው። ያ ጠብታ በየደቂቃው ሳይታይ ከዛፉ የሚወጣው ላብ ነው፤ በእጃችሁ ይዛችሁታል! ከጨረሳችሁ በኋላ ፌስታሉን ፍቱለት፤ ዛፉ ይተንፍስ።

ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ አሳዩአቸው፤ ከእንስራውና ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳችሁ አስቀምሷቸው፤ የትኛው ለምን እንደቀዘቀዘ ይንገሯችሁ። ከዚያም በከተማችን አንድ ቦታ ሊታደስ ነው ሲባል፣ ንድፉ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ እጃችንን አውጥተን እነዚህን እንጠይቅ፦ የትኞቹ ዛፎች ይተርፋሉ? ዝናቡ የት ይገባል? ነፋሱ በየት ያልፋል? ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አሁን ሁላችሁም ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ፌስታሉን መጀመሪያ የሞከረ ሰው ደግሞ ከየትኛው ዛፍ ብዙ ውሃ እንዳገኘ ይንገረኝ፤ ብሳናና ወይራን ለማወዳደር ቸኩያለሁ!